ደጃዝማች ባልቻ ሳፎና የሉዓላዊነት ጥያቄ

የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የዐድዋ መድፍ ነው። በፈረስ ስማቸው አባ ነፍሶ እየተባሉ በዘፈንና በፉከራ ሲወደሱ ኖረዋል፤ ሕዝቡም ከመኳንንቱ መካከል እንደ እሳቸው በፍቅር የሚያነሣው ጥቂቱን ነው። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ታሪክ ከጀግንነቱ ባሻገር ለሕግና ለአስተዳደር ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርባል። ይኸውም አንድን አገር ሉዓላዊ የሚያሰኘው ምንድን ነው፤ ይህንንስ ሉዓላዊነት ሌላው ዓለም አንድ ጊዜ የሚቀበለው፣ ሌላ ጊዜ የሚክደው ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው። ባልቻ በሕይወት ሳሉ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በሥሬ አድርጌያለሁ ብላ ሁለት ጊዜ ለዓለም አስታውቃለች። በመጀመሪያው ጊዜ ባልቻ የቤተ መንግሥት ወጣት ነበሩ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያ አንሥተዋል።

የተወለዱት በ1850ዎቹ ዓመታት እንደ ሆነ ይገመታል። ስለ ዘራቸው አንዱ ጉራጌ፣ ሌላው ኦሮሞ ናቸው ይላል፤ ጉራጌና የጨቦ ኦሮሞ ተጋብቶና ተዋልዶ፣ በአንድ ገበያ ተገበያይቶ በሚኖርበት አገር እንዲህ ያለ ክርክር መነሣቱ አይደንቅም። ስለ ልጅነታቸው የሚተረከው ግን ያው አንዱ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደ ጉራጌ ምድር በዘመተ ጊዜ ከጦር ሜዳ ተሰልቦ የተገኘ ብላቴና ነበሩ፤ ንጉሡም አዝነውለት ወስደው በቤተ መንግሥታቸው አሳደጉት ይባላል። በኋላ ለኢትዮጵያ ነጻነት ምልክት የሆኑት ሰው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት የገቡት እንግዲህ በፈቃዳቸው ሳይሆን በጦርነት ተገኝተው ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል፤ ሆኖም የባልቻ ሕይወት ያለ እሱ አይገባም።

የዚያ ዘመን የጉራጌ ምድር በአንድ ንጉሥ የሚገዛ አልነበረም። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ሙኸርና ሌሎቹም ቤቶች የየራሳቸው አለቆች ነበሯቸው፤ የጋራ ነገር ሲገጥማቸው ሽማግሎቻቸው በጆካ ሸንጎ ተቀምጠው በቅጫ፣ ማለት በአባቶች ሕግ፣ ይዳኙ ነበር። በሰሜን ያለው የክስታኔ አገር ያለ ብዙ ውጊያ ለሸዋ ሲገብር፣ በምዕራብ ያሉት ለዓመታት ተከላከሉ። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ያስተባበሩት ጦር በራስ ጎበና ዳጬ ተሸንፎ አካባቢው ፈጽሞ ለሸዋ የገበረው በ1881 ዓ.ም. ገደማ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው በዚያው በ1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል መፈራረማቸው ነው። የቸሃ ሰው ከአባቶቹ የወረሰውን ራስን ማስተዳደር ባጣበት ዓመት፣ ያስገበረው መንግሥት ራሱ በሌላ ወገን ነጻነቱ በወረቀት ሊወሰድበት ተቃርቦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. የአሜሪካ ክፍለ ዓለም መንግሥታት በሞንቴቪዴዎ የተፈራረሙት ስምምነት ለመንግሥትነት አራት መመዘኛ አስቀመጠ፤ ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መስተዳድርና ከሌሎች መንግሥታት ጋር ግንኙነት የማድረግ ችሎታ። በዚህ ሚዛን ቸሃን ብንመዝነው ሕዝቡም፣ ምድሩም፣ ዳኝነቱም ነበር፤ የጎደለው አራተኛው ነው። ጆካ ከለንደንም ሆነ ከሮማ ጋር የሚጻጻፍበት መንገድ አልነበረውም። በአንጻሩ ምኒልክ የሚጻጻፉ ንጉሥ ነበሩ። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን እስከ የት እንደሚቆጥሩት ገልጸው አስታወቁ። በዚያ ዘመን የአፍሪካን ዕጣ የወሰነው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ማን ደብዳቤ ይጽፋል፣ ማንስ ስለ እሱ ይጻፍበታል የሚለው።

የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነገር ለአንባቢ አዲስ አይደለም። በአማርኛው ቃል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም የሚቻላቸው ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ሆኖ ተጽፏል። ይልቁንም መታየት ያለበት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቂያ ላከ። በ1877 ዓ.ም. የተፈረመው የበርሊን ውል በአፍሪካ ጥገኛ ግዛት የያዘ መንግሥት ለሌሎቹ እንዲያስታውቅ ያዝዝ ስለ ነበር፣ ክሪስፒም ያንን 34ኛ አንቀጽ ጠቅሶ ኢትዮጵያ በኢጣልያ ሞግዚትነት ሥር እንደ ገባች ነገራቸው። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ዝምታውም እንደ መቀበል ተቆጠረ። እንግሊዝ በ1883 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ባደረገችው የወሰን ስምምነት ኢትዮጵያን በኢጣልያ ክልል ውስጥ አስገባች፤ የካርታ ሠሪዎችም አገሪቱን በኢጣልያ ቀለም ቀቧት። ነገሩን ያልተቀበሉት ሩሲያና ፈረንሳይ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ለምኒልክ ፍቅር ብቻ ብለው ሳይሆን ከኢጣልያና ከወዳጆቿ ጋር የየራሳቸው ሂሳብ ስለ ነበራቸው ነው። ምኒልክ ይህን ካወቁ በኋላ ተቃውሞአቸውን ለየነገሥታቱ ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ሰሚ ግን አላገኙም። ቃሉን ማረም የቻለው መድፍ ነው።

የባልቻ ስም በሰፊው የተሰማው በዚህ ጊዜ ነው። በቤተ መንግሥት ያደገው ብላቴና በጅሮንድ ተብለው መድፈኞቹን ይመሩ ነበር። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ የከበበው ጦር ውስጥ ከሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው ጋር በመድፍ ሥራ የታወቁት እሳቸው ናቸው። ኢትዮጵያውያን መድፍ ተኩሰው ያነጣጠሩትን ሊመቱ አይችሉም ብሎ ለገመተው ጠላት ይህ ያልጠበቀው ነገር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነው ሁሉ እዚህ የሚዘረዘር አይደለም። በዚያ ቀን ኢጣልያ ያሰለፈቻቸው 56 መድፎች በሙሉ በኢትዮጵያውያን እጅ መግባታቸውን መጥቀስ ይበቃል።

ከዐድዋ በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌን ሰርዞ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ያለ ምንም ገደብ እንድትቀበል አደረገ። ከዚያም በኋላ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መልእክተኞች እየመጡ ከምኒልክ ጋር ተዋዋሉ፤ ሌጋሲዮኖችም ተከፈቱ። በዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት ስለ ዕውቅና ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው መንግሥት የሚፈጠረው በሌሎች ዕውቅና ነው ይላል፤ ሁለተኛው መንግሥትነት በራሱ ቆሞ የሚገኝ ነገር ሲሆን ዕውቅና የሚያደርገው ያለውን መመስከር ብቻ ነው ይላል። የ1889 ዓ.ም. ውል ለሁለተኛው ወገን ጥሩ ማስረጃ ይመስላል፤ ኢትዮጵያ በየካቲት ያልነበራት ሉዓላዊነት በጥቅምት አልተሰጣትምና። ነገር ግን ምስክሮቹ በ1882 ዓ.ም. የመሰከሩትን በ1889 ዓ.ም. የለወጡት አዲስ የሕግ ክርክር ሰምተው እንዳልሆነም አይዘነጋም።

ባልቻ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞንና ሐረርን በየጊዜው አስተዳደሩ፤ ረጅሙን ዘመን ያሳለፉት በሲዳሞ ነው። ስለ አስተዳደራቸው የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። ጉቦ የማይወዱ፣ ለአልጋው ታማኝ፣ የውጭ አገር ነጋዴና ኩባንያ በአገር ውስጥ እንዲሰፋ የማይፈቅዱ ሰው ነበሩ ይባላል፤ ይህ እውነት ነው። በአንጻሩ የሲዳማና የጌዴኦ ገበሬ በገባርነት ለነፍጠኛው ተደልድሎ፣ ከእርሻውና ከቡናው እየከፈለ፣ በጉልበቱም እያገለገለ የኖረው በእሳቸውና በመሰሎቻቸው አገዛዝ ሥር ነው። ይህም እውነት ነው። የአገርን በር ለባዕድ ያልከፈተ እጅ በውስጥ ባለው ሰው ላይ ከባድ ነበር። ከጉራጌ ምድር በዘመቻ የተወሰደው ልጅ በሲዳሞ ምድር የዘማቹን ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ የሉዓላዊነት ታሪክ ሲጻፍ ይህንን ገጽ ቀዶ ማውጣት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በዚህ መካከል የ1889 ዓ.ም. ዕውቅና ፍጹም እንዳልነበረ የሚያሳይ ነገር ደረሰ። የምኒልክ ጤና መታወክ ሲሰማ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሦስት ሆነው ተፈራረሙ። ለላይ ለታዩ የኢትዮጵያን አንድነት የሚጠብቁ፣ ለውስጡ ግን መንግሥቱ ቢናጋ እያንዳንዳቸው የት የት ጥቅም እንዳላቸው የተከፋፈሉበት ነበር። ምኒልክ ውሉ ሲነገራቸው አመስግነው፣ የራሳቸውን የበላይነት መብት ግን በምንም እንደማያስር አስታወቁ። ምስጋናውና ተቃውሞው በአንድ ደብዳቤ መቀመጡ የሰውየውን ብልኅነት ያሳያል።

በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ባልቻ ከሻሪዎቹ ወገን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። በሁለቱ መካከል የሥልጣን ፉክክር ነበር፤ ቢሆንም አገርን ስለ መጠበቅ የነበራቸው አሳብም የተለያየ ነው። ራስ ተፈሪ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመንግሥታት ማኅበር አባል አስደረጉ። እንግሊዝን የመሳሰሉ መንግሥታት በባሪያ ንግድና በጦር መሣሪያ ጉዳይ ምክንያት አንገራግረው፣ አገሪቱ በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ግዴታ ገብታ ነው የተቀበሏት። እንግሊዝና ኢጣልያ በ1918 ዓ.ም. ስለ ጣና ውሃና ስለ ባቡር መንገድ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ፣ ራስ ተፈሪ በዚያው ማኅበር አቤት ብለው ነገሩን አስቆሙት። ለእሳቸው የአገር ዋስትና በጄኔቭ ወንበር ማግኘት ነበር። ለባልቻ ደግሞ ዋስትናው ጠመንጃ፣ ስንቅና የማይታለል ሹም ነበር። ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ነበረ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው የ1928 ዓ.ም.ን ታሪክ እስኪያነብ ቢታገሥ ይሻለዋል።

የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ደጋፊዎች ኃይል ተቀነሰ። በ1920 ዓ.ም. ባልቻ ወደ አዲስ አበባ ተጠሩ፤ ብዙ ሺህ ሠራዊት አስከትለው መጥተው በንፋስ ስልክ በኩል ሰፈሩ። እሳቸው ጥቂት ጠባቂዎች ይዘው በቤተ መንግሥት ግብር ላይ ሳሉ፣ ራስ ካሣ ኃይሉ ወደ ሰፈሩ ሄደው ሠራዊቱን በገንዘብ አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነበር። ሲዳሞ ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጠ፤ ባልቻም ታስረው ቆይተው የምናኔ ኑሮ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ኢትዮጵያና ኢጣልያ ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ውሉ ስምንት ዓመት አልሞላም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ዘይትን ግን አልጨመረበትም። ከማይጨው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሄዱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ፤ ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ኢትዮጵያ የኢጣልያ ግዛት ሆናለች ብሎ ዐወጀ። ይህ የክሪስፒ ማስታወቂያ ሁለተኛ እትም ነው ቢባል አያሳስትም። ልዩነቱ ክሪስፒ የተርጓሚ ስሕተት ተገን ሲያደርግ፣ ሙሶሊኒ በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን መደገፉ ነው። ነገር ግን ዐዋጁ ሲነገር የጦሩ ይዞታ ከዋና መንገዶችና ከከተሞች እምብዛም አላለፈም ነበር። ደቡቡና ምዕራቡ ገና አልተያዘም፤ በጎሬ በራስ እምሩ የሚመራ አስተዳደር ነበረ፤ በሲዳሞ ራስ ደስታ ዳምጠው ይዋጉ ነበር። በሕግ አንድን አገር በድል ይዣለሁ ለማለት ተቃዋሚው ፈጽሞ መሸነፍ አለበት። ስለዚህ በ1928 ዓ.ም. ክረምት የነበረው ጥያቄ የሕግ ብቻ አልነበረም፤ በየሸንተረሩ እየተዋጉ መልስ የሚሰጡበት ጥያቄ ነበር።

ሽማግሌው ባልቻ ከምናኔ የወጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከሥልጣን ያወረዷቸው ንጉሥ በስደት ነበሩ፤ ሹመት የሚሰጣቸው፣ ደመወዝ የሚቆርጥላቸው መንግሥት አልነበረም። ቂም ይዘው ቢቀመጡ የሚወቅሳቸው ባልኖረ ነበር፤ ቂም የያዙ ሌሎች መኳንንት ለጠላት ሲያድሩም ታይቷል። እሳቸው ግን ሰው ሰብስበው በጉራጌ በኩል ሸመቁ፤ በዚያ ክረምት በአዲስ አበባ ላይ ጥቃት ካሰቡት አርበኞች ጋር ስማቸው ይነሣል።

በዚያው ወራት በጄኔቭ ሌላ ክርክር ነበር። ኢጣልያ የኢትዮጵያ መልእክተኞች የውክልና ደብዳቤ ዋጋ የለውም፣ የወከላቸው መንግሥት የለምና ብላ ተከራከረች። ጉባኤው ነገሩን ካየ በኋላ በመስከረም 1929 ዓ.ም. መልእክተኞቹ እንዲቀመጡ ፈቀደ። ውሳኔውን ካስገኙት ምክንያቶች አንዱ የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ገና በኢጣልያ እጅ አለመሆኑ ነው። እንግዲህ በጄኔቭ የነበረውን ወንበር ይዞ ያቆየው በጎሬ፣ በሲዳሞና በጉራጌ ያልተገዛው ምድር ነበር ማለት ነው። ራስ ተፈሪና ባልቻ ስምንት ዓመት ተለያይተው ከቆዩ በኋላ፣ ሁለቱም ሳያውቁት፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ለሌላው ማስረጃ ሆነው ቀረቡ።

ባልቻ የሞቱት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1929 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ነው። ስለ አሟሟታቸው የሚነገረው እንዲህ ነው። በጠላት ተከበው መዳኛ እንደሌላቸው ባዩ ጊዜ መሣሪያቸውን ለማስረከብ ፈቃደኛ መሆናቸውን ላኩበት። ሊረከቡ የመጡት የኢጣልያ መኮንኖች በቀረቡ ጊዜ የደበቁትን መሣሪያ አውጥተው ተኮሱባቸው፤ እሳቸውም በዚያው ተገደሉ። አንዳንድ የጦር ሕግ ዐዋቂ እጅ እሰጣለሁ ብሎ መተኮስ የተነቀፈ ነው ይል ይሆናል። ነቀፋው ተገቢ ነው፤ በመርዝ ጋዝ የመጣ ጦር ሊያነሣው ግን አይችልም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም በዚያው በጉራጌ ምድር በጎጌቲ ጦርነት ወደቁ፤ ራስ ደስታም በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተገደሉ። የመደበኛው ጦርነት የመጨረሻ ምዕራፍ የተዘጋው እንዲህ ከወልቂጤና ከቡታጅራ እምብዛም በማይርቅ አገር ነው።

ዕውቅናው ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ጀርመን በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ተቀበለች። ጃፓን በማንቹሪያ ያቆመችውን መንግሥት ኢጣልያ እንድትቀበልላት ትፈልግ ስለ ነበር፣ ዕውቅናው እንደ ሸቀጥ ተለዋወጠ። እንግሊዝ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላነት ዝቅ አድርጋ ኢጣልያ በተግባር ገዢ መሆኗን ተቀበለች፤ በኅዳር 1931 ዓ.ም. ደግሞ ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመለየት በማሰብ የኢጣልያ ንጉሥ በሕግም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆኑን አጸደቀች። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒው ዚላንድ አልተቀበሉም።

ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደ ሆነ በለንደን ፍርድ ቤት የታየ አንድ ጉዳይ አጋልጦታል። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው ኩባንያ በሬዲዮ ቴሌግራፍ ስምምነት መሠረት ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ነበረበት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለማስከፈል ከሰሱ። በሐምሌ 1930 ዓ.ም. ዳኛው የእንግሊዝ መንግሥት በሕግ የሚያውቀው ገዢ አሁንም ከሳሹ ናቸው ብለው ፈረዱላቸው። ኩባንያው ይግባኝ አለ። ይግባኙ ሳይሰማ የኅዳሩ ዕውቅና ስለ ተሰጠ ፍርዱ ተገለበጠ፤ መብቱም ወደ ኋላ ተቆጥሮ፣ በተግባር ዕውቅና ከተሰጠበት ከታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢጣልያ እንደ ተላለፈ ተወሰነ። ውሉ ያው፣ ገንዘቡ ያው፣ ተከራካሪውም ያው ነው፤ የተለወጠው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ለፍርድ ቤቱ የተጻፈው ደብዳቤ ብቻ ነው። በዚህ ፍርድ ቀን አቈጣጠር እንኳ ቢሄዱ፣ ባልቻ የሞቱበት ምድር በሞቱበት ዕለት ገና የኢትዮጵያ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ እንግሊዝ ከኢጣልያ ጋር ጦርነት ስትገባ የጸደቀው ዕውቅና ተረሳ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላም ቢሆን ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተፈጸመም፤ በጥር 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች አምባሳደሮች ቀዳሚ እንዲሆን፣ እንግሊዛውያን አማካሪዎችም እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር፤ ከእንግሊዝ አስተዳደር ሐውድን ለማስመለስ ያስቻለውም ስምምነት የተፈረመው በ1947 ዓ.ም. ነው። ኢጣልያ ራሷ የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ በፈረመችው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ሉዓላዊነትና ነጻነት ተቀበለች። ለኢጣልያ ተጠያቂነት መነሻ ተብሎ በዚያ ውል የተጻፈው ቀን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጦሩ መረብን የተሻገረበት ቀን ነው።

በአዲስ አበባ በደጃዝማች ባልቻ ስም የሚጠራው ሆስፒታል የተከፈተው በሶቪየት ቀይ መስቀል ነው። የቆመውም ከሜክሲኮ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ነው።